ስንት ቀበሮ ነበር?

ጭላዳ በሰው ቋንቋ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ መንዝ ጓሳ ላይ አንድ ትልቅ መንጋ ይኖር ነበር። ጓሳ ብርዳማ አገር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋት በጅባራው መካከል ጉም ይተኛል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ጭላዳ የሚያድረው በዚያ ገደል ወገብ ላይ ነው። ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣና ቁጢጥ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንዲት አንዲት ቅጠል እየለቀመ፣ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ሣር ቶሎ ሆድ አይሞላም። ስለዚህ ጭላዳ ለጠብ የሚተርፍ ብዙ ቀን የለውም።

ሜዳውን ከቀይ ቀበሮ ጋር ይጋሩት ነበር። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር አገር የላቸውም። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፤ ወሰኑን በጋራ ይጠብቃል፣ ቡችላውን በጋራ ያሳድጋል። አይጥ ለማደን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል። ይህን ያዙልኝ፤ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቀበሮ ወደ መንጋው ሲጠጋ እርምጃውን ቆጥቦ፣ ሳይሮጥ፣ ሳያፈጥ ይገባል። «ለአይጥ ነው የመጣሁት» ይላል። ቅርብ ያለችው ጭላዳ ከሣሩ ቀና ሳትል «ይቅናህ» ትለዋለች። በቃ፤ ውላቸው ይኸው ነበር። ግልገል ጭላዳ በአፍንጫው ሥር እየዘለለ ቢያልፍ እንኳ ቀበሮ አይነካውም። ለምን? ምክንያቱም በመንጋው መካከል ሲሆን አይጡ ከጉድጓዱ በቀላሉ ይያዛል። ይህ ለተረት ማሳመሪያ ያልሁት አይደለም። ጓሳ ላይ የሁለቱን ውሎ የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሆኖ ከሞከረው አደን 67 በመቶው ሲሰምርለት፣ ለብቻው ሲሆን የሰመረለት 25 በመቶው ብቻ እንደነበር ጽፈዋል። እንግዲህ ያቺ አጭር ሰላምታ ለቀበሮ ቤት እንጀራ ነበረች ማለት ነው።

አንድ ዓመት በልጉ ቀረ። ሣሩ አጠረ፣ አይጡም ወደ ጥልቁ ገባ። ቦጋለ የሚባል ወጣት ቀበሮ ባዶ ሆዱን ሲዞር ሰንብቶ አንድ ጠዋት ወደ መንጋው ገባ። ጥሩዬ የምትባል እናት ጀርባዋን ሰጥታ ሣር ትነጫለች፤ ልጇ ከአጠገቧ እልፍ ብሎ ከጨረንፌው ቁጥቋጦ ሥር ይጫወታል። ቦጋለ አይጡን ተወና ልጁን ያዘ።

ጥሩዬ ጮኸች። ወንዶቹ የላይ ከንፈራቸውን ገልብጠው፣ ድድና ጥርሳቸውን አውጥተው፣ ነጣ ያለውን የዓይናቸውን ቆብ እያሳዩ ተወረወሩ። ቦጋለ ልጁን ጥሎ ፈረጠጠ። ልጁ አልሞተም፤ ቀኝ ጆሮው ግን ለሁለት ተተረተረ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቁጣ የሚገባ ቁጣ ነው። ልጅ ሲነጠቅ የማይቆጣ መንጋ መንጋ አይባልም። ያ የተገለበጠ ከንፈርና ያ ጥርስ የአንድ ሕፃን ነፍስ አድኗል። እኔ ቁጣን ከሚኮንኑት ወገን አይደለሁም፤ ድንበር መጣሱን ከሁሉ በፊት የሚነግረን እሱ ነው። ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ማታ፣ ገደሉ ላይ፣ ለቁጣው ቃል ሲፈለግለት።

የመንጋው ኃይለኛ አባ መብረቅ ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሁሉም ወንዶች ይልቅ የደመቀ፣ ድምፁ ከገደል ገደል የሚሻገር። ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጣና፣

«ዛሬ ቀበሮ ሊጨርሰን መጣ!» አለ።

«ሊጨርሰን!» አለ መንጋው።

«ድሮም ሌቦች ናቸው!»

«ሁልጊዜ ዓይናቸው ልጆቻችን ላይ ነው!»

«አባቶቻቸውም እንደዚሁ ነበሩ!»

አባቶቻቸውን ያየ ማንም አልነበረም። ግን ቁጣ አንዴ «ድሮም» ካለ ምስክር አይጠይቅም።

በጭላዳ ዘንድ ቤቱ የሚቆመው በእናቶች ነው። ወንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ግን በተወለዱበት ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ የመንጋውን ነገር ከሁሉ ይልቅ የምታስታውሰው እመት ዘርፌ ነበረች። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣

«ልጄ፣ ስንት ቀበሮ ነበር?» አለችው።

«ምን ማለትዎ ነው እማማ?»

«ቁጥር ነው የጠየቅሁህ። የጥሩዬን ልጅ የያዘው ስንት ቀበሮ ነበር?»

«አንድ።»

«ማን ነበር?»

አባ መብረቅ ተወዛወዘ። «ቦጋለ ነው ይላሉ።»

«እንግዲያስ ቦጋለ በል።»

መንጋው አጉረመረመ። አንዱ ጎረምሳ «ልጅ ሲበላ የምን ስም ጥሪ ነው!» ብሎ ጮኸ። አባ መብረቅም ትክክል እንደሆነች ልቡ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን «ቦጋለ» ሲል ድምፁ አነሰበት። «ቀበሮ» ሲል ገደሉ ይመልስለታል። ጆሮ ሁሉ ወደ እሱ ዞሯል። ስለዚህ እንደገና «ቀበሮ!» አለ።

በዚያ ማታ የተነገረ ሌላም ቃል አለ፤ ለስላሳ ስለሆነ ማንም ክፉ አላለውም። አያ ለዝቤ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ጥሩዬ ጠጋ ብለው «ተይው ልጄ፣ ልጅሽ ተርፎልሻል፤ አመስግኝ፤ ነገር አታክብጂ» አሏት። ጥሩዬ ልጇን አቅፋ ዝም አለች። እኔ ይህን ቃል ከአባ መብረቅ ቃል አሳንሼ አላየውም። አንዱ ቁጣዋን ነጥቆ ላልበደሉ ሁሉ አደለባት፤ ሌላው ቁጣዋን አፍኖ ቀበረባት። «ምን ደረሰብሽ? ምን እንዲደረግልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን አንድም አልነበረም።

ቁራ በሰማይ ላይ ያንዣብብ ነበር። የሰማውን ይዞ ወደ ቀበሮዎቹ ዋሻ በረረ።

በቀበሮዎቹ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። አሮጌው አያ ቀበሮ የቦጋለን ከንፈር ደም አይቶ «ይህ የአይጥ ደም አይደለም። የት ነበርህ?» ማለት ጀምሮ ነበር። ቦጋለ አንገቱን ደፍቷል። ሊናገር አፉን እንደከፈተ ቁራው መጣ።

«ጭላዳ ዘራችሁን ሊያጠፋ ማለ! ከአያቶቻችሁ ጀምሮ ሌቦች ናችሁ እያለ ነው!»

ዋሻው ተናወጠ። እናቶች ተነሡ፣ ወጣቶች ጥርሳቸውን አፋጩ። «እኛ?» አሉ። «ስንት ዘመን ልጆቻቸውን ሳንነካ ኖረን?» በዚያች ቅጽበት ቦጋለ ከጥያቄው አመለጠ። ከትንሽ በፊት ብቻውን የቆመ በዳይ ነበር፤ አሁን ከተሰደቡት አንዱ ሆኖ በወንድሞቹ መካከል ተቀመጠ። እንዲያውም አንዲት አክስቱ «አይዞህ» ብላ ላሰችው። አያ ቀበሮም ጥያቄውን ዋጠ። ከዚያ ማታ በኋላ የልጁን ጆሮ ማን እንደቀደደ የቀበሮ አገር ዳግመኛ አልጠየቀም። አባ መብረቅ በድምፁ ኃይል የሸሸገው የገዛ ጠላቱን ነበር።

ይህን ስጽፍ የማስበው ስለ ጭላዳ ብቻ አይደለም። አንድ የታክሲ ረዳት መልስ ሲያስቀርብን «ረዳት ሁሉ ሌባ ነው» እንላለን፤ ያ ልጅ ግን የእኛን ሃያ ብር ይዞ በሌሎቹ ጀርባ ያልፋል። ባል የበላበትን ሳያነሣ ሲሄድ «አንተ ድሮም ለዚህ ቤት አስበህ አታውቅም» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሳህኑ የሚነገር ነገር አይኖርም፤ ክርክሩ ስለ ሰውየው ሙሉ ዕድሜ ይሆናል። ይህ ከቤት ወጥቶ አደባባይ ሲደርስ ደግሞ፣ ስም ያለው ሰው በታወቀ ቀን ያደረገው ግፍ የአንድ ብሔር ሁሉ ግፍ ተብሎ ይጠራል። ያኔ ያልነበሩበት ይገደላሉ፣ ያልሰሙት ይሰደዳሉ፣ ያደረገው ደግሞ የወገኑ ጀግና ይሆናል። አገራችን ይህን በቅርብ ዓመታት ደጋግማ አይታዋለች። የሞቱት ግን ስም ነበራቸው፤ የገደላቸውም ስም አለው።

ወደ ጓሳ እንመለስ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሮ የሚባል ሁሉ ሜዳው ላይ ከታየ ጩኸት ይነሣ ጀመር። «ለአይጥ ነው የመጣሁት» የሚል ቢመጣም ንግግሩን የሚያስጨርሰው የለም። ጠባቂ ቆመ። ጠባቂ ሣር አይነጭም፤ ዓይኑን ከአድማስ ሳያነሣ ይውላል። እናቶችም አንድ እፍኝ ሣር ሳይሞሉ አሥር ጊዜ ቀና ይላሉ። ቀኑ ያው ቀን ነው፤ ለቁጣ የሄደው ሰዓት ከሣሩ ሰዓት ላይ ተቀነሰ። ወተት ደረቀ። በሜዳው ላይ ደግሞ የሚያድነው የራቀለት አይጥ በዛ፤ ሣሩን ከሥሩ እየበላ ምድሩን በሳሳው። ቀበሮዎቹም ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተገፍተው፣ ከአራት ሙከራ በአንዱ ብቻ እየበሉ፣ የጎን አጥንታቸው ተቆጠረ።

ይህ ሁሉ ሆኖ መንጋው ቢያንስ በውስጡ አንድ በሆነ መልካም ነበር። አልሆነም። «ድሮም»ና «ሁልጊዜ» አንዴ አፍ ከለመዳቸው ለጠላት ብቻ ተብለው አይቀመጡም። የላይኛው ገደል ቤተሰብ አንድ ጠዋት ቀድሞ ወደ ለምለሙ ሣር ወጣ። የታችኞቹ «ዛሬ ቀደማችሁን» ማለት ይችሉ ነበር። «እናንተ የላይኞቹ ሁልጊዜ ስግብግብ ናችሁ» አሉ። የላይኞቹም «እናንተ ድሮም ሰነፎች ናችሁ» ብለው መለሱ። ልጆችም የሰሙትን ይዘው ጨዋታ አደረጉት። ጆሮው የተተረተረውን የጥሩዬን ልጅ «የቀበሮ ትራፊ» ብለው ጠሩት። ቀበሮን መጥላት ሲማሩ የቀበሮን ሰለባም አብረው ሰደቡት። በራሱ በአባ መብረቅ ቤት እንኳ፣ አንድ ማታ ወደ ገደሉ ዘግይቶ ሲገባ ሚስቱ «አንተ መቼ ለቤትህ ኖረህ ታውቃለህ!» አለችው። ኃይለኛው ጭላዳ ደነገጠ። አረፍተ ነገሩን ያውቀዋል፤ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ያስተማራቸው እሱ ነበር።

አንድ ቀን የላይኞቹና የታችኞቹ ምንጩ ላይ ተገናኙ። ከንፈር ተገለበጠ፤ ጥርስ ወጣ። በደህናው ዘመን ጭላዳ ጥርሱን የሚያሳየው እንዳይናከስ ነበር፤ «እዚህ ጋ ቁም» ለማለት። ባላጋራው ከቆመ ይበቃል፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይጠጋጋሉ፣ ከንፈራቸውን እያላወሱ አንዱ የአንዱን ፀጉር ያበጥራል። ያን ቀን ግን ጥርሱ ለማሳየት የወጣ አልነበረም። ሊያያዙ ሲሉ አንዲት ሽኮኮ ከድንጋይ ሥር ብቅ ብላ በቀጭን ድምፅዋ፣

«በሕግ አምላክ!» አለች።

ሁለቱም ወገን ባሉበት ደረቁ።

ይህች ቃል በአገራችን ምን ታደርግ እንደነበር አባቶቻችን ያውቁታል። ዱላ ያነሣ ሰው «በሕግ አምላክ» ከተባለ ዱላውን ይይዛል እንጂ አያወርድም ነበር፤ ያለውም ድኻ ይሁን ሕፃን ያው ነው። ሁለት ተጣዪዎች መንገደኛ አቁመው «ዳኘን» ሲሉትም እሺ ይል ነበር፤ የመንገድ ዳኛ ይባል ነበር። ጥፍሩና ጥርሱ የሚያስፈራው ሳይሆን፣ በነገሩ ውስጥ የሌለበት ነው ዳኛ የሚሆነው። ሽኮኮም በዚያው ሕግ ዳኛ ሆነች። «የተጣላችሁት ስለ ምንጩ አይደለም» አለች። «ጠቡ የጀመረበትን ሁሉ ጥሩልኝ። ቀበሮዎቹንም።»

ሜዳው መካከል ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ዙሪያ ተሰበሰቡ። በአንድ ወገን ጭላዳ፣ በሌላው ቀበሮ፤ ቁራም ሳይጠራ መጣ። የክርክሩን ሥርዓት እንድትነግር እመት ዘርፌ ተለመነች። እንዲህ አለች፦

«እዚህ ድንጋይ ላይ የሚቆም ያየውን ይናገራል፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የአድራጊውን ስም ይጥራ። ‹ሁልጊዜ› ያለ ሁልጊዜውን ይቁጠርልን፤ ካልቆጠረ ይመልሰው። ‹እናንተ› ያለ ፊቱን ወደ ማን እንዳዞረ ይንገረን። ደሙ የፈላ ደግሞ አንድ እፍኝ ሣር ነጭቶ እስኪጨርስ አይናገር፤ አንዲት አንዲት ቅጠል፣ እንደ ዘወትሩ።»

«እኛስ?» አለ አያ ቀበሮ። «እኛ ሣር አንነጭም።»

«እናንተማ አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ መቆም ታውቁበታላችሁ። እንደዚያ ቁሙ። አይጡ እስኪወጣ የሚጠብቅ፣ ቃሉም እስኪበስል ይጠብቅ።»

እኔ ከዚህ ተረት ውስጥ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ቦታ ነው። ዘርፌ ለማንም አዲስ ትዕግሥት አላስተማረችም። ጭላዳው ሣር ሲነጭ፣ ቀበሮው ጉድጓድ ሲጠብቅ የሚታገሠውን ያህል በቁጣውም ላይ እንዲታገሥ ብቻ ነው የጠየቀችው። ቡና የሚቆላ ሰው ያን ትዕግሥት በእጁ ያውቀዋል፤ ጥልፍ የምትጠልፍም፣ በሬ የሚጠምድም። ለእንጀራችን የምናወጣውን ዝግታ ለአፋችን ነው የምንነፍገው።

አንድ ጎረምሳ ጭላዳ ግን አልተዋጠለትም። «ቃል ማንን ያስራል?» አለ። «አጥር የለው፣ ጥርስ የለው።»

ዘርፌ ጣቷን ወደ መንደሩ ቀሰረች። «የመንዝ ሰው ይህን ጓሳ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ሲዘጋው አጥር ሲያጥር አይተሃል? ‹ተዘግቷል› ይባላል፤ ይዘጋል። ‹ተከፍቷል› ሲባል ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ጣሪያው ቢያፈስበትም ቃሉን ጥሶ አያጭድም።»

እውነቷን ነው። ቀሮ የሚባለው ያ የጋራ ሥርዓት በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሳ ሣር እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጠብቆ ያቆየው በሕዝብ የተመረጠ አለቃና የተከበረ ቃል ነበር።

መጀመሪያ ጥሩዬ ወጣች። ሣር ነጨች፤ እፍኟ ሞላ፣ አፈሰሰችው፣ እንደገና ነጨች። ማንም አላቻኮላትም።

«በልጉ በቀረበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት፣ ከጨረንፌው ሥር፣ ቦጋለ ልጄን በጥርሱ ያዘ» አለች። «እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ዛሬም ሌሊት እባንናለሁ። ልጄ ቀበሮ ሲያይ ሽንቱ ያመልጠዋል። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቦጋለ ፊቴ ቆሞ ያደረገውን እንዲናገር። እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀውም።» ከዚያ ወደ ራሷ መንጋ ዞረች። «አባ መብረቅ፣ በእኔ ልጅ ስም ጮኸሃል። እኔን ግን አንድ ቀን ምን ትፈልጊያለሽ አላልኸኝም። ልጄን የነከሰው አንድ ቀበሮ ነው። ‹ትራፊ› ያሉት የናንተ ልጆች ናቸው፤ ስማቸውን ልጥራ?»

ሦስት ስም ጠራች። እናቶቻቸው መሬት መሬት አዩ።

ቦጋለ ወደ ድንጋዩ ተገፋ። «ጊዜው ድርቅ ነበር» አለ።

«ይህ ምክንያትህ ነው» አለ አያ ቀበሮ። «ምክንያትህን በኋላ እንሰማለን። ሥራህን በል።»

«እነሱም ስድባቸው…»

«ስድቡ ማታ ነው የመጣ። አንተ ጠዋት ምን አደረግህ?»

ቦጋለ ረጅም ጊዜ ቆመ። «ልጁ… ተያዘ» አለ።

«ማን ያዘው?» አለች ጥሩዬ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ቦጋለ ሊዞር ፈለገ፤ ከኋላው ወንድሞቹ ነበሩ፤ ግን በዚህ ጊዜ ማንም አልከለለውም፤ ስሙ ብቻውን ተጠርቷልና። «እኔ» አለ። «እኔ ያዝሁት። አይጥ መስሎኝ አይደለም። ልጅ መሆኑን አይቻለሁ።»

ጥሩዬ ተነፈሰች። ይቅር አላለችውም፤ ማንም እንድትለው አላስገደዳትም። «ሰምቻለሁ» ብቻ አለች።

ሽኮኮ ፈረደች። ቦጋለ ከዛሬ ጀምሮ በመንጋው መካከል አይገባም፤ ለብቻው በዳርቻው ያድናል፣ የሚያልፈውንም አይጥ ራሱ ይቁጠረው። ሌሎቹ ቀበሮዎች ወደ ሰላምታቸው ይመለሳሉ። ጓሳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥም ታይቷል፤ ግልገል ጭላዳ የያዘን ቀበሮ መንጋው አስጥሎ አባሮት፣ ተመልሶ እንዳይገባም ከልክሎታል።

ሁለተኛው ፍርድ በአባ መብረቅ ላይ ሆነ። ይህን ያልጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። «እኔ ምን አጠፋሁ? ልጁን ያስጣልሁት እኔ ነኝ!» አለ።

«ለዚያ ምስጋና አለህ» አለች ሽኮኮ። «ዕዳህ የማታው ነው። ከየት ሆነህ ጮኽህ?»

«ከላይኛው ድንጋይ።»

«በምን ያህል ድምፅ?»

አልመለሰም።

«እዚያው ድንጋይ ላይ ወጥተህ፣ በዚያው ድምፅ፣ ያልኸውን መልስ። በአደባባይ የሰደብኸውን በጓዳ አትካስም።»

አባ መብረቅ ተቆጣ። የደረቱ ቅላት ነደደ፤ ከንፈሩ ሊገለበጥ ተንቀጠቀጠ። ሁሉም ጠበቁ። ቁጢጥ አለና ሣር መንጨት ጀመረ። የመጀመሪያውን እፍኝ በቁጣ ከነሥሩ ነቀለው። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ አንዲት ቅጠል፣ ሌላ ቅጠል። ፀሐይዋ ጥቂት ዘመም እስክትል ነጨ። ማንም «ተረጋጋ» አላለውም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ የተቆጣን ሰው «ተረጋጋ» ማለት የቁጣውን ልክ ከእሱ ይልቅ እናውቃለን ማለት ነው። ጠበቁት እንጂ አላዘዙትም።

ማታ ከድንጋዩ ላይ ወጣ። «በልጉ በቀረ ጊዜ እዚህ ቆሜ ‹ቀበሮ ሊጨርሰን መጣ› ብያለሁ» አለ። ድምፁ ከገደል ገደል ተሻገረ። «የመጣው አንድ ነበር፤ ቦጋለ ነበር። ‹ድሮም ሌቦች ናቸው› ሲባልም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ድሮን አላየሁም። በቦጋለ ላይ ዛሬም ቁጡ ነኝ። በሌሎቹ ላይ የተናገርሁትን ግን መልሼ ወስጃለሁ።»

መንጋው እንደበፊቱ አላስተጋባለትም፤ ማንም አልጮኸም። ቁራው ወሬውን ይዞ ለመብረር አልቸኮለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ምን ቅመም ይጨመርበታል? የፊተኛውን ቃል ደግሞ ወደ ሩቅ ገደሎች አድርሶት ነበር፤ እዚያ ያሉ ጭላዳዎች ቀበሮ ሲያዩ ለብዙ ዘመን መጮኻቸውን አላቆሙም። አባ መብረቅ በየበጋው ወደ አንዱ ገደል እየሄደ ቃሉን መለሰ። ሁሉም አላመኑትም። እሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ሲወጣ ቀላል፣ ሲሰበሰብ ከባድ እንደሆነ አውቆ መሄዱን አልተወም።

ቀበሮዎቹ ተመለሱ። የመጀመሪያው «ለአይጥ ነው የመጣሁት» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ የምትመልስለትም ወዲያው አልተገኘችም። ኋላ አንዲት አሮጊት «ይቅናህ» አለችው፤ እንደ ዱሮው ሣሯን እየነጨች ሳይሆን ቀና ብላ፣ ፊቱን አይታ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ፊት ማየት የውሉ ክፍል ሆነ። የጥሩዬ ልጅ አደገ፤ ጆሮው ግን አልገጠመም። አዲስ የመጣ ጭላዳ «ይህ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው «ቦጋለ የሚባል ቀበሮ ነክሶኝ ነው» ይላል፤ «ቀበሮ ነክሶኝ» ብሎ ግን አያቆምም።

ጠብ ከጓሳ አልጠፋም። በሚቀጥለው በጋ የላይኞቹና የታችኞቹ ስለዚያችው ለምለም ሣር እንደገና ተገናኙ። የታችኞቹ አለቃ ከንፈሩን ገለበጠ።

«ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ከአስታው ሥር፣ የአንተ ታላቅ ልጅ የእኔን ልጅ ገፍቶ ጣለው!» አለ።

ለላይኞቹ የቆመው አባ መብረቅ ጥርሱን አሳየ። «ትናንት እኔ አልነበርሁም። እሱን ልጥራውና ይመልስልህ። ግን የአንተም ልጅ ከትናንት ወዲያ ምንጩ ላይ ድንጋይ ወርውሯል!»

«የትኛው ልጄ?»

«አጭሩ!»

«እሱንም ጥራው!»

ሁለቱ ልጆች ተጠሩ። ክርክሩ ከረረ፤ ድምፅ ከፍ አለ፤ ሽኮኮዋም ከድንጋይዋ ሥር ሁለት ጊዜ ብቅ አለች። አጭሩ አለቀሰ፣ ታላቁ አመነ፣ አባቶቹ ግን ማን እንደጀመረ ሳይስማሙ ቀኑ መሸ። በነጋታው ከቆሙበት ሊቀጥሉ ተቀጣጥረው ሁለቱም ቤተሰቦች በአንድ መንገድ ወደ ገደሉ ወረዱ።